ኤሚል ፊሸር፦ ስሙን በየላቦራቶሪው የምንጠራው ሰው

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የወሰደ ተማሪ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። ፊሸር ኤስተሪፊኬሽን፣ ፊሸር ፕሮጄክሽን፣ ፊሸር ኢንዶል ሲንተሲስ እያልን ለፈተና እንሸመድደዋለን፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ስሙ ደብተራችን ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳገኘና ለዚያም ምን እንደከፈለ በክፍል ውስጥ አይነገረንም።

እኔ የኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የኦርጋኒክ ላብ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ኤስተር የምንሠራበት ሳምንት በደረሰ ቁጥር ከማኅበራችን አባላት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ ማይክሮዌቩ በጥቂት ደቂቃ ለሚጨርሰው ነገር የድሮውን መንገድ መማር ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ስፈልግ የዘዴውን ባለቤት የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከኬሚስትሪው ይልቅ የሰውየው ሕይወት ያዘኝ። ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለንግድ ያልተፈጠረ ልጅ

ኤሚል ፊሸር ኦክቶበር 9 ቀን 1852 በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው ኦይስኪርሸን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ላውረንስ ፊሸር የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። በቤቱ አምስት እህቶች ነበሩት፤ እርሱ ብቸኛው ወንድ ልጅ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን የነጋዴ ቤት ብቸኛ ወንድ ልጅ ምን እንደሚጠበቅበት መገመት አያዳግትም። አባቱ የቤተሰቡን የእንጨት ንግድ እንዲረከብ ይፈልጉ ነበር።

ኤሚል ግን ልቡ ያለው ፊዚክስ ላይ ነበር። በ1869 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ቦን ከተማ በከፍተኛ ውጤት ጨረሰ። ከዚያም አባቱን ላለማሳዘን ንግዱን ሞከረው፤ አልሆነለትም። አባቱ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው፣ ይህ ልጅ ነጋዴ ለመሆን የሚበቃ ጭንቅላት ስለሌለው ተማሪ ቢሆን ይሻላል ብለው እንደፈረዱበት ፊሸር ራሱ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ ጽፏል።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አልኩ። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ሌሊትና ቀን ሠርተው ያስተማሩን ልጆች ነን። የእኔም ቤተሰብ ሐኪም እንድሆን ይፈልጋል፤ ኬሚስትሪ የሚለውን ቃል ወደ ሕክምና የሚያደርስ ድልድይ አድርገው ነው የሚሰሙት። ስለዚህ የላውረንስ ፊሸርን ነገር በቀልድ ብቻ አልወሰድኩትም። ሰውየው በልጃቸው ቢያዝኑም የትምህርቱን ወጪ ችለዋል። በኋላም ልጃቸው በገንዘብ ራሱን እንዲችል አድርገውታል። በ1883 ባስፍ የተባለው ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ፊሸርን የላቦራቶሪው ኃላፊ ሊያደርገው ሲጠይቀው፣ እምቢ ብሎ በዩኒቨርሲቲ ለመቆየት የቻለው አባቱ ባቆሙለት መሠረት ነው።

ከቦን ወደ ስትራስቡርግ

በ1871 ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የቤንዚንን ቀለበት ቅርጽ ያቀረበውን የታዋቂውን ኬኩሌን ትምህርት ተከታተለ። ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ፊዚክስ ማድላቱን አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት ያዳነው የአጎቱ ልጅ ኦቶ ፊሸር ነው፤ አብረን እንሂድ ብሎ አዲስ ወደተከፈተው የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። እዚያ አዶልፍ ፎን ባየርን አገኘ። ባየር የቀለም ኬሚስትሪ ሊቅ ነበር፤ ፊሸርን ለኬሚስትሪ ያስቀረው እርሱ ነው። በ1874፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ በቀለሞች ላይ በሠራው ጥናት የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያው ቤት ረዳት ሆኖ ሲሠራ በ1875 ፌኒልሃይድራዚን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። እንደሚባለው በአጋጣሚ ነው ያገኘው። ይህ ንጥረ ነገር ዝናውንም በሽታውንም ያመጣለት ነው፤ ሁለቱንም ወደ ኋላ እንደርስባቸዋለን። ባየር ወደ ሙኒክ ሲዛወር ፊሸር ተከትሎት ሄደ። ከዚያም በኤርላንገን፣ ቀጥሎ በቩርትስቡርግ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1892 ወደ በርሊን ተጠርቶ በሆፍማን ወንበር ተቀመጠ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም እዚያው ቆየ።

ስኳርን ማስረጋት

ስኳር ለኬሚስት አስቸጋሪ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ካልጠራ አይረጋም፤ እንደ ማር እየተዝለገለገ ከዕቃው ጋር ይጣበቃል። ያልረጋ ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ፊሸር በ1884 ፌኒልሃይድራዚንን ከስኳር ጋር ሲያሞቀው ኦሳዞን የተባሉ ቢጫ ክሪስታሎች አገኘ። አሁን ስኳሮቹን በመቅለጫ ሙቀታቸውና በክሪስታላቸው ቅርጽ መለየት ተቻለ። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ማኖስ አንድ ዓይነት ኦሳዞን እንደሚሰጡ ባየ ጊዜ፣ ሦስቱ የሚለያዩት በሞለኪውላቸው አናት ላይ ባሉት ሁለት ካርቦኖች ብቻ መሆኑን ተረዳ።

በ1890 ግሉኮስን በላቦራቶሪ ሠራ። በ1891 ደግሞ የግሉኮስን የአቶሞች አቀማመጥ በሐሳብ ሰንሰለት ብቻ አረጋገጠ። በጊዜው የነበረው ንድፈ ሐሳብ ለዚህ ዓይነቱ ስኳር 16 አቀማመጦች አሉ ይል ነበር፤ ፊሸር እያንዳንዱን ሪአክሽን እንደ ምስክር እያቀረበ የማይሆኑትን አንድ በአንድ አስወጣ። በወረቀት ላይ በመስቀለኛ መስመር የምንሥለው ፊሸር ፕሮጄክሽን የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ቀኝና ግራውን ግን የሚለይበት መሣሪያ ስላልነበረው አንዱን በግምት መረጠ። በ1951 በኤክስሬይ ሲመረመር ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ፊሸር ያኔ ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

የቡናችን ነገር

ፊሸር ከስኳር ጎን ለጎን ሌላ ቤተሰብ ያጠና ነበር። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ፣ በካካዎ ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን፣ በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አሳየ። የጋራ አካላቸውን ፒዩሪን ብሎ ስም ያወጣለት በ1884 ነው፤ ራሱን ፒዩሪንን በላቦራቶሪ የሠራው በ1898። የዘረ መላችን ፊደላት ከሆኑት መካከል አዴኒንና ጓኒን የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ካፌይንን በ1895 ከመሠረቱ ሠራው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ወጥቶ ዓለምን የዞረው ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ ከእንቅልፍ የሚያነቃን ምን እንደሆነ በሞለኪውል ቋንቋ የተጻፈው በዚህ ሰው እጅ ነው። ለፈተና ሳምንት ቡና የምታፈሉ ሁሉ ሳታውቁት ከፊሸር ጋር ትገናኛላችሁ።

1895

ይህች ዓመት በፊሸር ሕይወት ውስጥ ከባድ ናት። ካፌይንን ሠራ። ከአርተር ሽፓየር ጋር ሆኖ ስለ ኤስተር አሠራር አጭር ጽሑፍ አሳተመ፤ ዛሬ በየኮሌጁ የምንማረው እርሱ ነው። በዚያችው ዓመት ሚስቱ አግነስ ሞተች። አግነስ ገርላኽ የኤርላንገን የአናቶሚ ፕሮፌሰር ልጅ ነበረች፤ በ1888 ነበር የተጋቡት። አብረው የኖሩት ሰባት ዓመት ብቻ ነው። ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ትታለት ሄደች። ፊሸር ሌላ ሚስት አላገባም።

ጤናውም ተጎድቶ ነበር። ስኳሮቹን ያስረጋለት ፌኒልሃይድራዚን መርዝ ነው፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ለዓመታት በእጁ ሲነካውና ሲተነፍሰው ኖሮ፣ ከ1890ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በመርዙ የመጣ ሕመም ያሠቃየው ጀመር። የዛሬው ዓይነት ጋዝ መምጠጫ ሁድና ጓንት ያኔ አልነበረም። የላብ ረዳት ሆኜ ጓንት አድርጉ፣ መነጽራችሁን አታውልቁ ስል አንዳንድ ጓደኞቼ እንደ ሕግ አክራሪ ያዩኛል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ በጽናት እላለሁ። ያ ሰው የከፈለው ዕዳ እኛ ደግመን እንድንከፍለው አይደለም።

ትንሽ አሲድ፣ ብዙ ትዕግሥት

አሁን ወደ ኤስተሩ እንምጣ። ኤስተር የሚገኘው ካርቦክሲሊክ አሲድና አልኮል ሲገናኙ ነው፤ አብሮ ውኃ ይወጣል። የሙዝ ሽታ የሚሰጠው አይሶአሚል አሲቴት ኤስተር ነው። ጠላና ጠጅ ሲብላላ እርሾው ከሚሠራቸው ሽታዎች መካከል ኤስተሮች አሉበት። ንብ ስትነድፍ ሌሎቹን ለመጥራት የምትለቀው ሽታም ውስጥ ይኸው አይሶአሚል አሲቴት ይገኛል።

ችግሩ ሪአክሽኑ ሁለት መንገድ መሆኑ ነው። ኤስተሩ ሲሠራ፣ የወጣው ውኃ መልሶ ያፈርሰዋል። ፈረንሳዊው በርተሎ ከባልደረባው ጋር በ1862 እንዳሳየው፣ አሴቲክ አሲድና ኤታኖልን እኩል ለእኩል ብንቀላቅል ምንም ያህል ብንጠብቅ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ወደ ኤስተር አይለወጥም። በዚያ ላይ ያለ ካታሊስት እዚህ ሚዛን ላይ ለመድረስ በጣም ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ከፊሸር በፊት የተለመደው ዘዴ አልኮሉን በሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ማጥገብ ነበር። ፊሸርና ሽፓየር ያን ሁሉ አሲድ ማባከን እንደማያስፈልግ አሳዩ፤ በጥቂቱ ጠብ የተደረገ ጠንካራ አሲድ፣ የተትረፈረፈ አልኮልና ለብዙ ሰዓት ማፍላት ይበቃል። አሲዱ ካታሊስት ስለሆነ አያልቅም። አልኮሉን ማብዛት ደግሞ ሚዛኑን ወደ ኤስተር ይገፋዋል። በበርተሎ ቁጥር ብናሰላው፣ አልኮሉን ከአሲዱ 10 እጥፍ ብናደርገው ምርቱ ከ67 ወደ 97 ከመቶ ያድጋል። ነገሩ ይኸው ነው። ቀላል በመሆኑ ነው ከ130 ዓመት በኋላም የምንሠራበት።

የሚወጣው ውኃ ኦክስጅኑን ከማን ያገኛል የሚለው ጥያቄ የተመለሰው ቆይቶ ነው። በ1938 ሮበርትስና ዩሪ ከባድ ኦክስጅን ያለበት ሜታኖል ተጠቅመው፣ የአልኮሉ ኦክስጅን ኤስተሩ ውስጥ እንደሚቀር፣ ውኃው የሚወጣው ከአሲዱ ወገን መሆኑን አረጋገጡ። ፊሸር ይህን ሳያይ አልፏል።

ኤስተር የከፈተው በር

ፊሸር የኤስተሩን ዘዴ የትም አልጣለውም። ከ1899 ጀምሮ ፊቱን ወደ ፕሮቲን አዞረ። ፕሮቲን ሲፈርስ የተደበላለቁ አሚኖ አሲዶች ይሰጣል፤ እነዚህ ደግሞ ሲያሞቋቸው ይቃጠላሉ እንጂ አይተኑም፤ ስለዚህ በማጣራት መለየት አይቻልም ነበር። ፊሸር በ1901 ወደ ኤስተርነት ለወጣቸው። ኤስተሮቹ በዝቅተኛ ግፊት ይተናሉ፤ እንደ አረቄ አንድ በአንድ እየተጣሩ ይወጣሉ። በዚህ የሥራ ዘመን ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከፕሮቲን ውስጥ ለይቶ አወጣ።

ከዚያም መልሶ መግጠም ጀመረ። በ1901 ሁለት ግላይሲኖችን አያያዘ። በ1907 ሰንሰለቱ 18 አሚኖ አሲድ ደረሰ፤ 15 ግላይሲንና 3 ሉሲን። ዛሬ ፔፕታይድ የምንለውን ነገር ስም የሰጠው እርሱ ነው። በ1903 ከሐኪሙ ፎን ሜሪንግ ጋር ያወጣው ቬሮናል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒትም የሚሠራው ከኤስተርና ከዩሪያ ነው። የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በ1902፣ ስለ ስኳርና ፒዩሪን ሥራው ነው። በኬሚስትሪ ዘርፍ ሁለተኛው ተሸላሚ ነበር።

በሩን የዘጋና የከፈተ

የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ጥሩውን ብቻ መልቀም ልማድ ሆኖብናል። እኔ ይህንንም ልናገር። በ1900 በበርሊን የተከፈተው የፊሸር ትልቅ ኢንስቲትዩት ለሴቶች ዝግ ነበር። በ1907 ሊዘ ማይትነር የምትባል ወጣት ፊዚሲስት ከቪየና መጥታ ከኦቶ ሃን ጋር ለመሥራት ስትጠይቅ፣ ፊሸር የፈቀደላት ምድር ቤት ባለ አንድ የአናጢ ክፍል ውስጥ ብቻ እንድትሠራ ነው። ወንዶቹ ወደሚሠሩበት ላቦራቶሪ መውጣት አይፈቀድላትም ነበር። ምክንያቱ የሴቶች ፀጉር እሳት ይይዛል የሚል ፍርሃት ነበር።

በ1908 ፕሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎቿን ለሴቶች ስትከፍት ፊሸርም ሕጉን አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ የማይትነር ደጋፊ ሆነ። ሰው ሊለወጥ ይችላል የሚለውን ደስ የሚል ትምህርት ከዚህ ማውጣት ይቻላል። እኔ ግን በይበልጥ የማስበው ምድር ቤት ስላሳለፈቻቸው ዓመታት ነው። ያቺ ሴት በኋላ የዩራኒየም አቶም እንዴት እንደሚከፈል ለዓለም ያስረዳች ናት። በኢንስቲትዩቱ በር ላይ ተመልሰው የሄዱ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ስንት ይሆኑ? በየክፍላችን አንድ ወይም ሁለት ሆነን የምንቀመጥ ሐበሾች ይህን ጥያቄ አንዘነጋውም።

የጦርነቱ ዓመታት

በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ፊሸር የጀርመንን ጦር ሥራ ደግፈው ከፈረሙት 93 ምሁራን አንዱ ሆነ። ይህም በስሙ ላይ የሚቀር ነው። የባሕሩ መንገድ ሲዘጋ ከቺሊ ይመጣ የነበረው ናይትሬት ስለቀረ፣ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚሆን ምትክ የማፈላለጉ ሥራ ከተጫነባቸው ኬሚስቶች አንዱ እርሱ ነበር።

ጦርነቱ ግን ወደ ቤቱ ገባ። ከሦስቱ ልጆቹ ሁለቱን፣ ዋልተርንና አልፍሬድን፣ በእነዚያ ዓመታት ቀበረ። በሕይወት የቀረለት የበኩር ልጁ ሄርማን ብቻ ነበር። ፊሸር ራሱም በካንሰር ታሞ ጁላይ 15 ቀን 1919 በርሊን ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 66 ነበር። የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1922 ነው።

አምስት ደቂቃ

አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልመለስ። የማይክሮዌቭ ምድጃ የመጣው ከወጥ ቤት አይደለም፤ ከራዳር ነው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፈው አሜሪካዊው ፐርሲ ስፔንሰር፣ በ1945 በሬይቲዮን ኩባንያ የራዳር ማመንጫ አጠገብ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ሲቀልጥ አስተዋለ ይባላል። ምድጃው ከዚያ ወጣ። ኬሚስቶች ግን ለ40 ዓመት ያህል ምሳቸውን ብቻ ነበር የሚያሞቁበት። በ1986 ካናዳ ውስጥ የሪቻርድ ጌዲ ቡድን፣ አሜሪካ ውስጥ የጊገርና የማጀቲች ቡድን በተመሳሳይ መጽሔት ላይ ኦርጋኒክ ሪአክሽን በማይክሮዌቭ እንደሚፋጠን አሳተሙ። የጌዲ ቡድን ከሞከራቸው መካከል የፊሸር ኤስተር ይገኝበታል፤ ቤንዞይክ አሲድና ሜታኖል። በተለመደው መንገድ 8 ሰዓት የሚፈላው በ5 ደቂቃ ተቀራራቢ ምርት ሰጠ። 96 ጊዜ መፍጠን ማለት ነው።

ለምን? ብዙ ሰው ማይክሮዌቭ የሞለኪውሉን ማሰሪያ የሚበጥስ ይመስለዋል። አይደለም። ምድጃው የሚጠቀምበት ሞገድ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል፤ የአንዱ ፎቶን ጉልበት አንድ የካርቦን ማሰሪያ ለመበጠስ ከሚያስፈልገው ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። እንደ ሜታኖልና ውኃ ያሉ አንድ ጎናቸው ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ የሆኑ ሞለኪውሎች ሞገዱን ተከትለው ለመዞር ሲታገሉ ይሞቃሉ። ሙቀቱ የሚነሣው ከዕቃው ግድግዳ ሳይሆን ከፈሳሹ ውስጥ ነው። እንደ ሄክሴን ያለ ሁለት ዋልታ የሌለው ፈሳሽ ግን ለብቻው ቢቀመጥ እምብዛም አይሞቅም።

ዋናው ምሥጢር ክዳኑ ነው። ሜታኖል ክፍት ዕቃ ውስጥ በ65 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ መሞቅ አይችልም። ታሽጎ ግን 135 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል የሚል የቆየ የኬሚስቶች ስሌት አለ። ከ65 እስከ 135 ሰባት እርምጃ ነው፤ 2ን ሰባት ጊዜ ብናባዛው 128 ይመጣል። ከ96 ጋር ሲነጻጸር የሚያስደንቅ ልዩነት የለውም። በኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ፣ የካፔ ቡድን ይህንኑ በሌላ መንገድ ፈትኖታል። ሞገዱን ራሱ የሚውጥ የሲሊከን ካርባይድ ዕቃ ተጠቀሙ፤ ሞለኪውሎቹ ሙቀቱን እንጂ ሞገዱን አላገኙትም። ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ውጤቱም እኩል ሆነ።

እንግዲህ ማይክሮዌቩ የፊሸርን ሕግ አልሻረም። ካታሊስቱ ያው ጠብታ አሲድ ነው። ሚዛኑ ያው የበርተሎ ሚዛን ነው፤ ይህ ሪአክሽን ሙቀት ብዙም ስለማያወጣና ስለማይወስድ ሙቀት መጨመር ቶሎ ያደርሰናል እንጂ ሩቅ አያደርሰንም። አልኮል ሳያበዛ ማይክሮዌቩን የሚያምን ተማሪ በ5 ደቂቃ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አሲዱን በሶዲየም ባይካርቦኔት ማጠብ፣ ውኃውን ማድረቅ፣ ኤስተሩን ማጣራት ይቀራል። ይህን ማንም ማሽን አላሳጠረልንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ምርታቸው የሚጠፋባቸው ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጡት በማፍላቱ ላይ ሳይሆን በማጠቡ ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የላቦራቶሪው መሣሪያ ሙቀትና ግፊት ይለካል፤ ያማስላል፤ ግፊቱ ካለፈ ራሱን ያጠፋል። የዶርማችን ምድጃ ይህ ሁሉ የለውም። አልኮል በታሸገ ዕቃ አድርጎ እዚያ ማስገባት ቦምብ መሥራት ነው። ምግብ የሚሞቅበት ዕቃም የኬሚካል ዕቃ ሊሆን አይገባም።

የማሳጠርና የማወቅ ነገር

ለጓደኞቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰዓቱን ማሳጠር ጥሩ ነው። ፊሸር ራሱ ያን ሁሉ ጋዝ በጥቂት ጠብታ የተካ ሰው ነው፤ ዛሬ ቢኖር ማሽኑን ከሁላችን ቀድሞ የሚሞክረው ይመስለኛል። ነገር ግን ሪአክሽኑ የት እንደሚቆምና ለምን እንደሚቆም የማያውቅ ሰው ማሽኑ የነገረውን ብቻ ይቀበላል። የድሮውን መንገድ አንድ ጊዜ በእጃችን የምንሠራው ፈጣኑን መንገድ እንድናዝዘው ነው፤ እንዳያዘን።

የእኔን ነገር ደግሞ ለጠየቃችሁኝ፦ ዘንድሮ የማስገባው ማመልከቻ ለኬሚስትሪ ነው። ለእናትና ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ገና አልተስማሙም። ላውረንስ ፊሸርም ወዲያው አልተስማሙም ነበር።

በመጨረሻ ካሊፎርኒያ ላላችሁ የማኅበራችን የቀድሞ ተማሪዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሦስቱ ልጆች የተረፈው ሄርማን ፊሸር እንደ አባቱ ኬሚስት ሆነ። በ1930ዎቹ ጀርመንን ለቆ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ወደ ካናዳ፣ በመጨረሻም ወደ በርክሌይ ተሰደደ፤ በ1960 እስኪሞት ድረስ እዚያው ነበር። የአባቱ ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ዛሬ በበርክሌይ ባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የስደተኛ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚገባ እኛ እናውቃለን፤ ሄርማን የአባቱን ወረቀት ይዞ ነው የወጣው።